አንድ ፍጥነት፣ ሦስት አገር

አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ጀርመን፣ ዳርምሽታት ከተማ ስገባ ግን እንደ ጀማሪ ከሀ ጀመርኩ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ለነዋሪ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ። የጽሑፉን በቱርክኛ፣ በዐረብኛ ወይም በሩሲያኛ መፈተን ይቻላል። አማርኛ ከቋንቋዎቹ መካከል ስለሌለ መዝገበ ቃላት ይዤ በጀርመንኛ አጠናሁ።

አስተማሪዬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶባን በሚሉት የፍጥነት መንገድ ላይ ስንወጣ ነጭ ክብ ላይ ሰያፍ ጥቁር መስመሮች ያሉበትን ምልክት አሳዩኝና «የፍጥነት ወሰን እዚህ ያበቃል» አሉኝ። ነዳጁን ረገጥኩ። 120 ስገባ መዳፌን አላበኝ። እሳቸው ግን ፍጥነቴን አላዩም። «ስፖኪዮዎን ይመልከቱ» አሉኝ። በግራው መስታወት ውስጥ ሽንብራ የምታክል መብራት ነበረች። ደርቤ ልለፍ አልለፍ ስል መኪናው አጠገቤ ደርሶ፣ አልፎ፣ ከፊቴ ራቀ።

የጀርመን አውቶባን ወደ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ቋሚ የፍጥነት ወሰን የለውም፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ይህን ለአገር ቤት ሰዎች ስነግራቸው እንደ ልብ የሚኬድበት አገር ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አውቶባን ላይ በቀኝ በኩል መቅደም ክልክል ነው። ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ መቆም ያስቀጣል። ለሌላ ሾፌር የስድብ ምልክት ማሳየት ፍርድ ቤት ያደርሳል። ከተማ ውስጥ ከወሰኑ በ31 ኪሎ ሜትር ያለፈ ሰው መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ወር ያስረክባል። መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ የግራው ረድፍ ወደ ግራ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ተጠግተው፣ የአምቡላንስ ድምፅ ገና ሳይሰማ መሐሉን ይከፍታሉ።

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ያ በግራ ያለፈኝ ሰው 200 የነዳው መኪናው ስለቻለ ብቻ አልነበረም። እኔ፣ አይቶኝ የማያውቅ ባዕድ፣ መስታወቴን ሳላይ ከፊቱ እንደማልገባ አምኖ ነው።

አስተማሪዬ ያስያዙኝ ስሌትም አለ። ፍጥነትህን ለ10 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ ስታባዛ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትሄደውን ርቀት በግምት ታገኛለህ። በሰዓት 100 ከሆነ 100 ሜትር፤ 200 ከሆነ 400 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ልጅ እግሩም፣ ውድ መኪና ያለውም ከዚህ ስሌት አያመልጥም።

ዛሬ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ከማገለግላቸው አንዷ እናት የ1973ን (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ችግር አጫውተውኛል። በዚያ ክረምት መንግሥት በአራት እሑዶች መኪና መንዳትን ከለከለ፤ እሳቸውም ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ባዶው አውቶባን ላይ በእግራቸው ሄዱ። «የራሴን እርምጃ ሰማሁ» ይላሉ። በዚያው ሰሞን ለጥቂት ወራት 100 ኪሎ ሜትር ወሰን ተደነገገ። ትልቁ የመኪና ባለንብረቶች ክበብ፣ አዳክ፣ በ1974 «ለነፃ ዜጎች ነፃ ጉዞ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። የእሳቸው ባለቤትም ያን ጽሑፍ መኪናቸው ላይ ለጠፉት። ባልና ሚስቱ በዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ሳይስማሙ ኖሩ። አዳክ በ2020 የፍጥነት ወሰንን በመርህ ደረጃ አልቃወምም ሲል ባለቤታቸው በሕይወት አልነበሩም።

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። እሱ ጋ ስሄድ በቀኝም በግራም እየቀደሙን መቀመጫዬን ጨብጬ ነበር የምሄደው። እሱ ግን ዘና ብሎ ነው የሚነዳው። የሚነዳው ፒክአፕ እኔ ከምነዳት የመሥሪያ ቤት መኪና ጋር ሲተያይ ቤት ያክላል። «እዚህ ይህን የሚያህል መኪና ምን ያደርግልሃል የሚለኝ የለም፤ ነፃነት ማለት ይኼ ነው» አለኝ። ፍጥነት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። በዚያችው አገር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ 130 ቁጥር በሚባለው መንገድ አንድ ክፍል ላይ ያው 85 ማይል ተጽፎ የተፈቀደ ወሰን ነው። ዳርምሽታት አጠገብ 137 ለሚነዳ ሰው ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

አገር ቤት ደግሞ፣ አባቴ ኮሮላ መኪናቸውን ሲገዙ ስለ ፍጥነት የጠየቁ አይመስለኝም። መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል? የሰፈሩ መካኒክ ያውቀዋል? ሲሸጥ አያከስርም? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ቁልፉ በር አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት፣ ለቅሶ የሚሄዱ ዘመዶች፣ ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ ያን ቁልፍ ያውቁታል። መኪናው የአባቴ ቢሆንም ነፃነቱ የሰፈሩ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ አንኳኩቶ የሚከፈትለት ሰው ነፃ ነው።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ እስከ 120 ይፈቅዳል። አባቴ ግን ቀኙን ይዘው በ80 ወሰዱኝ። ወጣት ነበርኩና «አባባ፣ ትንሽ ጨመር አያደርጉም?» አልኳቸው። «የሚጠብቀኝ ሰው ስላለ ነው ቀስ የምለው» አሉኝ።

ጀርመን ውስጥ ወሰን ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ዛሬም አልሞተም። ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ 130 ይበቃል እላለሁ። የጀርመኖቹን ሥርዓት ስለምወደው ነው እንዲህ የምለው። መስታወት ማየት፣ መንገድ መክፈት፣ የሌላውን ሰው ፍጥነት እንደ ራስ ጉዳይ መቁጠር ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው አንዲት ስሕተት 400 ሜትር የምትፈልግበት መንገድ ላይ መተማመን ብቻውን አይበቃም።

ከዳርምሽታት ወደ ፍራንክፈርት በሚወስደው አ5 አውቶባን ላይ ላንገንና ሞርፌልደን አካባቢ አንድ መታሰቢያ አለ። ጥር 28 ቀን 1938 (እ.ኤ.አ.) በርንት ሮዘማየር የሚባለው ዝነኛ የመኪና ተወዳዳሪ ክብረ ወሰን ሊሰብር በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ነፋስ የገፋው እዚያ ነው። 28 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሳልፍ ቀኙን ይዤ በ110 ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን የምሰጣቸው እናት ቡና አፍልተው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።