እምቧይና የምድር እምቧይ

የመድኃኒት ተክልን መለየት ሁለት አዋቂ ይፈልጋል፦ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» እየተባለ በከንቱ የሚናቀው የባህል ሐኪምና የዲኤንኤ ላቦራቶሪ።

ተክሉ እርጥብ ሲሆን የባህል ሐኪሙ ቅጠሉን አሽቶ ያሸታል፣ ጫፉን ይቀምሳል፣ የበቀለበትን ቦታ ይጠይቃል። ዳማከሴን ከጤና አዳም ለመለየት ይህ ይበቃል። ችግሩ ደርቆና ተቆራርጦ ገበያ የሚወጣ ሥር ነው፤ ቀበርቾም ሆነ ድንገተኛ የሚባለው ሥር፣ ቅጠልና አበባ ሳይኖረው ይሸጣል።

ሌላው አሳሳች ስም ነው። እምቧይ እሾሃም ቁጥቋጦ፣ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው። የምድር እምቧይ ግን የኪያር ወገን የሆነ ሐረግ ነው፤ ሁለቱ በዝምድና አይገናኙም። ስሙን የሰጠው ሰው አልተሳሳተም፤ «የምድር» ያለው መሬት ላይ የሚሳበውን ለይቶ ነው። የሚሳሳተው ስሙን ብቻ መዝግቦ ተክሉን ሳያይ የሚሄድ አጥኚ ነው። በተቃራኒው ሰንሰልና ስሚዛ ሁለት ስም ያለው አንድ ተክል ናቸው።

ላቦራቶሪው ከደረቀ ቅጠል ወይም ሥር ዲኤንኤ አውጥቶ አጭር ክፍሎችን ያነብባል። እንስሳት የሚለዩበት የማይቶኮንድሪያ ዘረመል በዕፅዋት ላይ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አርቢሲኤልና ማትኬ የተባሉ ሁለት የክሎሮፕላስት ክፍሎች ተመረጡ። የቅርብ ዘመዳሞችን ለመለየት አይቲኤስ የሚባለው የኒውክለስ ክፍል ይታከላል። የተነበበው ከመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸራል። እንደ ቀበርቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ተክል በቋቱ ከሌለ ግን የሚመጣው መልስ የአጎቱ ልጅ ስም ነው።

ስለዚህ ማመሳከሪያው አበባ ካለው፣ ቦታና የአገሬው ስም ከተጻፈበት የደረቀ ናሙና መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚያስቀምጠው እንዲህ ያለውን ነው። ቅጠል በፌስታል አጭቆ ሦስት ቀን ማቆየት ግን ዲኤንኤውን ከሻጋታ ጋር ማበስበስ ነው፤ በሲሊካ ጄል ቶሎ ማድረቅ ይሻላል።

የአንድ ተክል ዲኤንኤ በሥሩም በቅጠሉም ያው ነው። የትኛው ክፍል፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚወሰድ ከዲኤንኤው አይነበብም፤ እሱን የሚያውቀው ባለመድኃኒቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህንን ዕውቀት የማኅበረሰቡ መብት አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ለመጠቀምም ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው።