ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስለሚከፈት የባንክ ሒሳብ

ሰው ገንዘቡን ወደ ባንክ የሚያስገባው ከቤቱ ሣጥን ይልቅ ይጠበቅልኛል ብሎ በማመን ነው። አደራ የሚሰጠውም ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ስሙንና ፊርማውንም ጭምር ነው። አደራ ተቀባይ ገንዘቡን ሳያጐድል ቢመልስ እንኳ፣ በአስቀማጩ ስም ያልታዘዘውን ውል ቢዋዋልበት አደራ በላ ይባላል። በአሜሪካ አገር ዌልስ ፋርጎ በሚባለው ታላቅ ባንክ የሆነው ነገር ይህን የመሰለ ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የባንኩ አለቆች ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ስምንት ዓይነት አገልግሎት ይሸጥ የሚል ዓላማ አቁመው ነበር። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስምንት የሚለው ቃል ታላቅ ከሚለው ቃል ጋራ ቤት ይመታል፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጆን ስተምፍም ስምንት የተመረጠበት ምክንያት ይኸው መሆኑን በ2010 ዓ.ም. ለባለአክሲዮኖች በቀረበው መግለጫ ገልጸዋል። ቤት መምታት ለቅኔ መልካም ነው፤ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ የባንክ ሠራተኛ ግን በዚህ ቁጥር ተመዘነ። በየቀኑ ይህን ያህል ሒሳብ ክፈት ተብሎ ታዘዘ፤ ያላደረሰውም ከሥራ እንዳይወጣ ይፈራ ነበር።

ደንበኛ አልፈልግም ሲል ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ሠራተኞቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ አዲስ ሒሳብ ከፈቱ፤ ሒሳቡም ባዶ እንዳይሆን ከእውነተኛው ሒሳብ ገንዘብ አዛወሩበት። በዚህ ምክንያት የፊተኛው ሒሳብ ሲጐድል ባንኩ ስለ ጉድለቱ ደንበኛውን ያስከፍለው ነበር። ሌሎችም ያልተጠየቀ የብድር ካርድ አወጡ፤ የሐሰት የኢሜይል አድራሻም ፈጠሩ። በወንጌል የተነገረለት ዐመፀኛ መጋቢ የባለዕዳዎችን ዕዳ አሳነሰ እንጂ ዕዳ በሌለበት ሰው ላይ ዕዳ አልጻፈም።

የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ነገሩን በ2013 ዓ.ም. ገለጠ፤ የሎስ አንጀለስ ከተማም በ2015 ዓ.ም. ባንኩን ከሰሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሳይከፈቱ አልቀሩም የተባሉት ሒሳቦችና ካርዶች 2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ምርመራው ሲሰፋ ቁጥሩ 3.5 ሚሊዮን ደረሰ።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን በመጀመሪያው ምርመራ ከእነዚህ ሒሳቦች የተሰበሰበው ክፍያ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ለዚህ ለጥቂት ገንዘብ ይህ ሁሉ ሐሰት አልተሠራም። አለቆቹ አንዱ ደንበኛ ስንት አገልግሎት እንደ ገዛ እየቈጠሩ ለባለአክሲዮኖች ያስታውቁ ነበር፤ ባንኩም በዚህ ቁጥር ይመሰገን ነበር። ከታች የተፈጠረው ሐሰት በየደረጃው እየወጣ ከላይ መልካም ወሬ ሆነ፤ ከላይ የተቀመጠውም የምሥራች የሚያመጣለትን ሰው አይመረምርም።

በአምስት ዓመት ውስጥ 5,300 ሠራተኞች በዚህ ጥፋት ተባረሩ፤ አለቆቹም ነገሩን የጥቂት ክፉዎች ሥራ አስመሰሉት። አንድ ሰው ቢያታልል ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ በአንድ ቤት 5,300 ሰዎች በአንድ መንገድ ሲያታልሉ ግን መንገዱን የቀደደላቸው ማን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ስተምፍ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ2020 ዓ.ም. 17.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተው ዳግመኛ በባንክ ሥራ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በዚያው ዓመት ባንኩ ከመንግሥት ጋራ ለመታረቅ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሀብቱን እንዳያሳድግ የተጣለበት ገደብም እስከ ሰኔ 2025 ዓ.ም. ድረስ አልተነሣለትም።

ይህ ሁሉ ሳይገለጥ ግን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ነበር። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚሠራ አንድ የባንኩ ሹም ከበታቹ ያሉ ሁለት ሠራተኞች ሳያታልሉ እንዳልቀሩ ለአለቆቹና ጥቆማ ለሚቀበለው ክፍል አስታወቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ከሥራ ተባረረ። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ሥራው እንዲመለስና 5.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈለው ያዘዘው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ባንኩም በትእዛዙ እንደማይስማማ አስታወቀ።