ናፍጣና ሃይብሪድ በጭሮ ዳገት

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው ዋና መንገድ ጭሮን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ጫት የጫነው አይሱዙ፣ ቅጥቅጡ፣ አባዱላው፣ ተሳቢው ሁሉ ማርሽ ቀንሶ በሱቆችና በባጃጆች መካከል ይወጣል። ከባጃጁ በቀር አብዛኞቹ የሚጠጡት ናፍጣ ነው። የቤት መኪና ሊገዛ ገንዘብ ያጠራቀመ የጭሮ ወይም የሂርና ሰው ግን ዛሬ ሌላም ምርጫ ይሰማል፤ ሃይብሪድ ነዳጅ ይቆጥባል፣ አየር የሚበክለውም ያነሰ ነው ይሉታል። እውነት ነው፤ ሆኖም የቁጠባው መጠን እንደ መንገዱ ይለያያል።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን ጀርመን አገር አውግስበርግ ላይ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ከእያንዳንዱ ሊትር ብዙ ጉልበት የሚገኘው ከዚህ እምቅታ ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከባድ ጭነት መጎተት ስለሚችልም ወደ ገለምሶና መቻራ ለሚሠሩ የጭነት መኪናዎች እስካሁን ተመራጭ ነው።

ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ሃይብሪድ የቤንዚን ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከአነስተኛ ባትሪ ጋር ያጣመረ መኪና ነው። ተራ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱን በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። በሃይብሪድ ግን ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ይዞርና ያንን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ መኪናው እንደገና ሲነሳ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሃይብሪድ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ አበባዎቹ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ዓይነት ቆም ሄድ በሚበዛበት መንገድ ላይ ነው። ሶኬት ላይ የማይሰካው ዓይነት ከግድቦቻችን ምንም መብራት እንደማይወስድም መታወቅ አለበት፤ ባትሪው ውስጥ ያለው ሁሉ ከቤንዚን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ ጭሮ ደግሞ 1,800 ግድም። 1.4 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ላይ አየርና ጎማ ድርሻቸውን ይበላሉ። የቀድሞዎቹ ፕሪየሶች ባትሪ በጠቅላላው የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን መኪናው እንዲሠራበት የሚፈቅደው ከግማሹ ያነሰውን ነው። ስለዚህ ረጅምና ጠንካራ ቁልቁለት ላይ ባትሪው ቶሎ ይሞላል። የቀረው ጉልበት ማደሪያ ስለሚያጣ የቤንዚን ሞተሩ ያለ ነዳጅ እየዞረ መኪናውን ይይዛል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ለመኪናው አዲስ የሆነ ሹፌር ይደነግጣል እንጂ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ባትሪው ቶሎ ይደክምና ዳገቱን የሚገፋው ቤንዚኑ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ናፍጣና ሃይብሪድ ከሚባለው በላይ ይቀራረባሉ።

ሆኖም ፍጆታን በሊትር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የሚወጣው 2.3 ነው። ሁለት መኪናዎች በመቶ ኪሎ ሜትር እኩል 5 ሊትር ቢበሉ፣ የናፍጣው 13.5፣ የሃይብሪዱ 11.5 ኪሎ ግራም ይለቃሉ ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጥላሸቱ ነው። በጭሮ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ያጥረዋል፤ ያልተቃጠለውም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ያን ጭስ ከሹፌሩ ይልቅ አብዝተው የሚተነፍሱት መንገድ ዳር ጫትና ሽንኩርት ዘርግተው የሚውሉት ሴቶች፣ ከትምህርት ቤት በእግር የሚመለሱት ልጆች ናቸው። ፊልትሮ በጊዜው መቀየር፣ ኖዝልና ፖምፓ ማስፈተሽ ጭሱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ባለመኪናውንም ነዳጅ ያተርፍለታል። እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ችላ መባሉ ያስቆጫል።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ስላስታወቀ፣ የናፍጣና የሃይብሪድ ምርጫ በአብዛኛው አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪናዎች መካከል ሆኗል። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፋን ያስከፍትና ይይ። በብዙዎቹ ላይ አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው፤ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ከደፈነው ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ፍጆታውን ለመለካትም ከጭሮ ወደ አዋሽ ወርዶ መፍረድ አይቻልም፤ ቁልቁለት ላይ ሁሉም መኪና ቆጣቢ ይመስላል። ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ወርዶና ወጥቶ፣ እዚያው ማደያ ተመልሶ እንደገና መሙላት ነው። የተጨመረውን ሊትር በተጓዘው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በመቶ ማባዛት የመኪናውን ትክክለኛ ፍጆታ ይሰጣል።