ስሙ የማን ነው? ስለ ቅጂ መብት፣ ንግድ ምልክትና ንግድ ስም

ከጓደኞቻችሁ ጋር ጌም ሠራችሁ እንበል። ስም አወጣችሁለት፣ ሙዚቃም ጨመራችሁበት። ሌላ ሰው ቢወስድባችሁስ? መልሱ በወሰደው ነገር ይለያያል።

የቅጂ መብት ለማግኘት መመዝገብ ግድ ነው?
አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው የራሳችሁ ፈጠራ ከሆነና በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ላይ ከሰፈረ መብቱ ያን ጊዜውኑ ይወለዳል። ሙዚቃውና ፕሮግራሙ በዚህ ይጠበቃሉ። ሐሳቡ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ሌላው ሰው ያንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ ሊሠራው ይችላል።

ስሙስ?
እሱ የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ንግድ ምልክት ገዢው የእናንተን ዕቃ ከሌላው የሚለይበት ነው። እዚህ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይታደሳል።

ንግድ ስም አውጥተናል፤ አይበቃም?
አይበቃም። ንግድ ስም ድርጅታችሁ የሚጠራበት ነው፤ ንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው የሚታወቅበት። ምዝገባቸውም ለየብቻ ነው።

እዚህ የተመዘገበ ምልክት ውጭ አገር ይሠራል?
በራሱ አይሠራም፤ ጥበቃው በየአገሩ ነው። ለዚህም ነው ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመለከተችው። የአገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ጦፈ። በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ተስማሙ። ገበሬው የሚሸጠው ፍሬውን ነው፤ ጠጪው የሚከፍለው ግን ለስሙም ጭምር ነው።

ስለዚህ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ አጣሩ። ዕቃው ከታወቀ በኋላ ስም መቀየር ከባድ ነው።