ሬዲዮሄድ በኢንተርኔት ላይ የከፈተው ቤተ መጻሕፍት

የሮክ ባንድ ድረ-ገጽ ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይለይም። የኮንሰርት ቀን ይለጠፍበታል፣ ካናቴራ ይሸጥበታል፤ አዲስ አልበም ሲወጣ የአምናው ተነሥቶ የዘንድሮው ይተካል። ከእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር የወጣው ሬዲዮሄድ ግን ድረ-ገጹን ከሥራዎቹ እንደ አንዱ ቆጥሮ ነው የያዘው። በዚህም የተነሣ የገጹን ታሪክ መከተል የባንዱን ታሪክ መከተል ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደዚያ የገባ ሰው ዜና ፈልጎ ዜና አያገኝም ነበር። የሚጠብቀው የድምፃዊው የቶም ዮርክና የአልበም ሽፋኖቻቸውን የሚሠራው የሠዓሊው ስታንሊ ዶንዉድ ሥዕል፣ ቁርጥራጭ ጽሑፍ፣ ወዴት እንደሚያደርስ የማይታወቅ መተላለፊያ ነው። በዚያ ሁሉ ግራ መጋባት መካከል ጊታሪስቱ ኤድ ኦብራየን ከ1999 ጀምሮ የስቱዲዮ ውሏቸውን በማስታወሻ መልክ ይጽፍ ነበር፤ ሥራው አልገፋ ያላቸውን ቀናት ሳይቀር። አድማጭ አልበም ሲወለድ እንዲህ በቅርብ የሚያይበት አጋጣሚ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር።

ያ አልበም፣ «ኪድ ኤ»፣ በጥቅምት 2000 ሲወጣ ለማስተዋወቂያ የተለቀቀ ነጠላ ዜማ አልነበረውም። በምትኩ «ብሊፕ» የተባሉ አጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች በኢንተርኔት ተበተኑ። አሜሪካዊው አሳታሚ ካፒቶል ደግሞ ሙሉ አልበሙን የሚያሰማ አነስተኛ ማጫወቻ አሠርቶ አድናቂዎች በየራሳቸው ገጽ ላይ እንዲሰቅሉት ፈቀደ። ሙዚቃው ከመውጫው ቀን በፊት በፋይል መጋሪያው በናፕስተር ሾልኮ ነበር። ኩባንያዎች ይህን እንደ ጥፋት በሚያዩበት ዘመን አልበሙ አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ለባንዱም በዚያ አገር የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉም የሚያስታውሰው ግን 2007ን ነው። ከአሳታሚያቸው ከኢኤምአይ ጋር የነበራቸው ውል አብቅቶ ነበር። ጥቅምት 1 ቀን ሌላው የባንዱ ጊታሪስት ጆኒ ግሪንውድ አዲሱ አልበም «ኢን ሬይንቦውስ» መጠናቀቁንና በ10 ቀን ውስጥ እንደሚወጣ በዚያው በድረ-ገጻቸው በጥቂት መስመር አሳወቀ። ጋዜጣዊ መግለጫ የለ፣ አሳታሚ የለ። ሊገዛ የገባ ሰው ዋጋ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ያገኛል። ስንት ልክፈል ብሎ የጥያቄ ምልክቱን ቢጫን የሚያገኘው መልስ ውሳኔው የእርሱ መሆኑን ነው፤ ዜሮ ብሎ መጻፍም ይቻላል። ለካርድ ክፍያው 45 ፔንስ ይታሰብ ነበር። ሸክላውን፣ ሲዲውንና ሥዕሎቹን በአንድ ሳጥን ለሚፈልግ ዋጋው 40 ፓውንድ ሆነ። ሲዲው በኋላ በየሱቁ ሲቀርብ፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ አውርዶት ሳለ፣ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ።

ስለዚያ ሽያጭ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። ሆኖም ባንዱ ራሱ አልደገመውም፤ የ2011ዱ «ዘ ኪንግ ኦፍ ሊምብስ» በዚያው ድረ-ገጽ በቁርጥ ዋጋ ነው የተሸጠው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ዘግይቶ የመጣው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ገጹን አጥፍተውት ነበር። በግንቦት 2016 መጀመሪያ ድረ-ገጹ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ ነጭ ብቻ ቀረ፤ በፌስቡክና በትዊተር የለጠፉትም ተነሣ። ብዙ ሳይቆይ አዲስ ዘፈን፣ በሳምንቱም ማብቂያ «ኤ ሙን ሼፕድ ፑል» የተባለው አልበም መጣ። አድናቂው የደነገጠው ያ ገጽ የዓመታት ትዝታው የተከማቸበት ስለነበር ነው፤ ድንጋጤው የገባው አድማጭ ብዙ ይመስለኛል።

ጥር 20 ቀን 2020 ድረ-ገጹ «የሬዲዮሄድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» ሆኖ ተከፈተ። ባንዱ ገጹ እስከዚያ ድረስ መረጃ የማይሰጥና የሚያናድድ እንደነበር በይፋ አምኖ፣ አሁን መረጃ እንዲሞላው ማድረጉን አስታወቀ። ሥራዎቹ በየአልበሙ ዘመን በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል፦ ያለ ማስታወቂያ የሚታዩ ኮንሰርቶች፣ ቪዲዮዎች፣ ሥዕሎች፣ ከገበያ የጠፉ ካናቴራዎች፣ እንዲሁም የ1992ቱ የመጀመሪያ ሥራቸው «ድሪል»። ጎብኚው ስሙን አስገብቶ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያወጣል። በመክፈቻው ሳምንት ሙዚቀኞቹ በየተራ የዕለቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ከመደርደሪያው የወደዱትን መረጡ።

የሙዚቃ ታሪክ በዘፈቀደ በተጫኑ ቪዲዮዎችና በሌሎች ሰዎች ገጾች ላይ ተበታትኖ በሚቀርበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ራሱ ቀንና ቦታ ለይቶ፣ ያልተሳካውንም ሳይደብቅ ማስቀመጡ ለአድማጩ ትልቅ ክብር ነው። ይህን ለመሥራት ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ያለፈውን ሥራ ለመጠበቅ የሚጨነቅ ሰው ይፈልጋል።

ጥቅሙም ለመታየት ጊዜ አልወሰደም። ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተ በሦስተኛው ወር የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን ሲዘጋ፣ ባንዱ በ2000 ደብሊን ውስጥ በድንኳን ካቀረበው ኮንሰርት ጀምሮ ሙሉ ዝግጅቶችን ከዚያው ክምችት እያወጣ በየሳምንቱ በዩቲዩብ በነፃ ለቀቀ።