የቆመ መኪና ሲገዛ፦ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባ ሰው ጋራዥ አጥር ጥግ ወይም የሰው ግቢ ውስጥ ጎማው የረገበ፣ ሥሩ ሣር የበቀለበት መኪና ማየቱ አይቀርም። ብዙው ሰው «ቆርቆሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ቆሜ አየዋለሁ፤ የቆመ መኪና ዋጋው ያልታወቀለት ሀብት ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ከእንግዲህ አሮጌውን መጠገንም ሆነ ፈትቶ መጠቀም የሚናቅ ጉዳይ አይደለም።

የቆመ መኪና የሚገዛው ለሁለት ነገር ነው፤ ለማስነሳት ወይም ለመፍታት። የሚነሳው ሻንሲው ያልተሰበረ፣ ሊብሬው የተሟላ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። ለሚፈታው ደግሞ ሞተሩን ትቶ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ሞተሪኖውን፣ ባሌስትራውን፣ ቸርኬውን፣ በርና መስታወቱን ቆጥሮ መደመር ነው። ደባርቅና ዳባት ላይ የሚፈለገው የላንድክሩዘር፣ የአይሱዙና የሚኒባስ ዕቃ ነው። ላንድክሩዘሩ እንግዳ ይዞ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ይወጣል፤ አይሱዙው እህል ይጭናል፤ ሚኒባሱ ጎንደር ይመላለሳል። ርካሽ ነው ተብሎ በአካባቢው ወንድም የሌለው ሞዴል ከተገዛ ግን ዕቃውን የሚጠይቅ አይገኝም። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ መፈለግም መሸጥም ይቻላል፤ ሆኖም ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዷቸው ተሽከርካሪዎች በአዲስ ዘመንና በበኩር ጋዜጦች ለጨረታ ይወጣሉ። ማስታወቂያው ላይ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑን ወይም በገዢው የሚከፈል መሆኑን የምትገልጸውን መስመር ሳያነቡ ሲፒኦ ማሠራት ትልቅ ጥፋት ነው። ርካሹን መኪና የሚያስወድደው ብዙ ጊዜ ያ መስመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገዢ ሁሉ ኮፋኖ ከፍቶ ሞተሩን ያያል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። በዚህ አገር መኪና ለምን እንደቆመ ከባለቤቱ ይልቅ ክዳኑ እውነቱን ይናገራል።

ከዛሪማ ተነስቶ ሊማሊሞን የሚወጣ ጭነት መኪና ጣሊያን በወረራው ዘመን በቀየሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በከባድ ማርሽ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ራዲያተሩ በቂ ነፋስ አያገኝም፤ ሞተሩ ግን ጉልበቱን ሁሉ እያወጣ ነው። ብዙ መኪና የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ሲፈላ ደግሞ ሾፌሩ ጥፋቱን በዳገቱ ያሳብባል። ዳገቱ ግን የቆየ ዳገት ነው፤ በደንብ የተያዘ መኪና ሲወጣው ኖሯል።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ክዳን ለሌለው መኪና በጤናማ ሙቀቱና በመፍላቱ መካከል የቀረው ስምንት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ደህና ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ግፊት ይጨምርበታል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ካለ፣ በደባርቅ ከፍታ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ደባርቅ ላይ ባቄላ በተራ ድስት ቀቅሎ የሚያውቅ፣ በፕሬዠር ድስት ደግሞ እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ሰው የክዳኑን ሥራ ተረድቷል።

ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። ውስጡ ሁለት ቫልቭ አለው። በስፕሪንግ የተያዘው ትልቁ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ውጭ ጠርሙስ ያስወጣል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ ውሃ መልሳ ታስገባለች። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሁለቱም ሥራ ይቀራል። ያኔ ውሃው በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ ሾፌሩ ከወንዝ ቀድቶ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ይጨምራል፤ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳን መክፈትም ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ይህን እያወቁ የሚከፍቱ ብዙ ናቸው፤ ይተዉ።

አንድ ጊዜ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ላይ የጎነበሰ ወጣት መካኒክ ሽማግሌውን ሾፌር «ጋሼ፣ ክዳኑን የት ጣሉት?» ሲል ሰማሁ። «ውሃ ስጨምር እያስቸገረኝ አወለቅሁት፤ ጨርቅ ይበቃዋል» አሉት። መካኒኩ ጨርቁን አውጥቶ ዝም ብሎ አሳያቸው። ጨርቅ ግፊት አይይዝም።

ቴርሞስታት አውልቆ መጣልም የዚሁ ወንድም ነው። «ቴርሞስታት ያግላል» የሚለው እምነት ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ተስፋፍቷል፤ ስህተት ነው። በብዙ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። በሰሜን ተራሮች ሥር በጠዋቱ ብርድ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻና ሲሊንደር ያለጊዜው ያልቃሉ።

ይህ ሁሉ ለገዢው ምን ይጠቅማል? ባለቤቱ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ዋጋ የጣለበት መኪና የተቃጠለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሊቤሎው ሲመዘዝ ዘይቱ ነጣ ያለ አረፋ ካሳየ ውሃ ገብቶበታል። ራዲያተሩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈም እንዲሁ። ቀጥሎ የኮሎውን ቡሎን በቁልፍ ይዞ በእጅ መሞከር ነው። ሞተሩ ከዞረ ተስፋ አለው፤ ቴስታታው ይወልቅና ቀጥ ያለ ሪጋ ይጋደምበታል። ከሥሩ ሰፋ ያለ ክፍተት ከታየ ሬቲፊካ ይላጨዋል። ከተሰነጠቀ ሌላ ቴስታታ ከተፈታ መኪና ይፈለጋል፤ ለመፍታት የሚገዛና ለማስነሳት የሚገዛ የሚፈላለጉት ያኔ ነው። ኮሎው ጭራሽ አልዞርም ካለ ውሃው አልቆም ተነድቶ ሊሆን ይችላልና ዋጋው በሚፈታ ዕቃ ልክ ይቆረጥ።

በዚያው ሳልወቅስ የማላልፈው አለ። ሽቦ በቢላ እየቆረጡ፣ የሁሉንም ቦታ ቡሎን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ እየጨመሩ መፍታት የሚሸጥ ዕቃን ማበላሸት ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቡሎኑን ቦታው ላይ መልሶ ማሰር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። አሮጌ ዘይት ወደ ጅረት የሚደፋ ደግሞ የታች ሰዎችንና ከብቶቻቸውን እያጠጣ መሆኑን ይወቅ። በጀሪካን ይጠራቀም።

ሕጉም እንዳይረሳ። ተሽከርካሪ የሚመዘገበውና የሚመረመረው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሞተር የተቀየረለት መኪና ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። የተፈታው መኪና ታርጋና ሊብሬ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ይመለስ፤ የሞተውን መኪና ታርጋ ሌላ ላይ መለጠፍ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ልፈታው ነው ወይስ ላስነሳው የሚለውን ይቁረጡ፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ለሚፈታው የሚነሳውን ዋጋ ይከፍላል። ካስነሱት ደግሞ ቀለም ከመቀባትዎና የወንበር ልብስ ከማልበስዎ በፊት ልኩ የሆነ አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ያስገጥሙ። ከዚያ በኋላ ሊማሊሞን ይሞክሩት።