አዲስ ሽጉጥ ሳይገራና ሳይፈተን አይታመንም

ወይፈን ገዝቶ በማግሥቱ ብቻውን አምኖ እርሻ የሚገባበት ገበሬ የለም። ወይፈኑ መጀመሪያ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። ቀንበሩን ይለምዳል፤ መመለሻውን ያውቃል፤ አንገቱ ይጠነክራል። አንድ ትልም ስላረሰም ወዲያው አይመሰገንም። በለስላሳውም በድንጋያማውም፣ በሜዳውም በዳገቱም ታይቶ ነው «ይኸስ አራሽ ሆነ» የሚባለው።

አዲስ ሽጉጥም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ግን «አዲስ ነውና አይከሽፍም» ይላል። ታዲያ ይኸ ትክክል ነው? አይደለም። አዲስ ማለት ያልተሠራበት ማለት እንጂ የተፈተነ ማለት አይደለም። በአገራችን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ ይኸ ጽሑፍ የሚናገረው ፈቃድ ላላችሁና በጥበቃ ሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች ነው። በጭንቅ ሰዓት የሚከሽፍ ሽጉጥ ባለቤቱን ያስገድላል። በአያያዝ ጉድለት የሚባርቅ ሽጉጥ ደግሞ ጎረቤትንና ልጅን ይገድላል።

ሽጉጥ መግራት ማለት ምንድን ነው?

እዚህ የምንናገረው ጥይቱን በካዝና ስለሚይዘውና ራሱ ስለሚያጎርሰው ሽጉጥ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ምላጩ ሲሳብ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል። ባሩዱ ይነዳል፤ እርሳሱም በአፈሙዙ ይወጣል። በዚያው ኃይል የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባዶውን ቀለሃ ይዞ ወደ ውጭ ይጥላል። ከዚያም ሞላው ብረቱን ወደ ፊት ሲመልሰው ከካዝናው ሌላ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይኸ ሁሉ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ያልቃል።

እንግዲህ እነዚህ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። አዲስ ሲሆኑ ከመቁረጫው የቀረ ሻካራነት ይኖራቸዋል። ሞላውም ገና ግትር ነው። በላዩ ላይ ደግሞ በመጋዘን እንዳይዝግ የተቀባ ወፍራም ቅባት አለ። በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ብረቶቹ ይላላሳሉ፤ ሞላውም ይለዝባል። መግራት የምንለው ይኸንን ነው። መፈተን ደግሞ ሌላ ነው። መፈተን ማለት ከተገራ በኋላ ስንት ጊዜ ተተኩሶ ስንት ጊዜ እንደከሸፈ ቆጥሮ ማወቅ ነው።

የፋብሪካው ማኅተም ምን ይነግራችኋል?

በብዙ ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ተቀርጸው ታያላችሁ። ይኸ የመፈተሻ ቤት ማኅተም ነው። አያቶቻችን «ቤልጅግ» እያሉ የሚጠሩት ጠመንጃ በተሠራበት አገር በቤልጅግ፣ በሊዬዥ ከተማ፣ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1672 ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ደግሞ በ1813 ተቋቋመ። በእነዚህ ቤቶች ሽጉጥ የሚፈተነው ከተለመደው ከፍተኛ ግፊት በመቶ 30 ያህል በሚበልጥ ጥይት ነው። ያንን ከቻለ ማኅተም ይመታበታል።

ነገር ግን ልብ በሉ። ማኅተሙ «ይኸ ብረት አይፈነዳም» ይላል እንጂ «ይኸ ሽጉጥ አይከሽፍም» አይልም። የበሬው አጥንት ጠንካራ ነው ማለት አራሽ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛውን ማረጋገጥ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ከመተኮስ በፊት

ሀ/ ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ስባችሁ ጥይት የጎረሰ አለመሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ በጣታችሁም ዳስሱ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን ብትስቡ ሌላ ጥይት ታጎርሳላችሁ።

ለ/ ከሽጉጡ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብቡ፤ የማታነቡት ቋንቋ ከሆነ የሚያነብላችሁ ፈልጉ። እንደ መመሪያው ፍቱትና የመጋዘኑን ቅባት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።

ሐ/ በሚፋተጉት ቦታዎች ላይ ብቻ ጥቂት የመሣሪያ ዘይት ቀቡ። ዘይት ማብዛት አይጠቅምም፤ አቧራ ይሰበስባል። የአፈሙዙ ውስጥ ደረቅ ይሁን።

መ/ በካዝናዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር ጻፉ። ጥቅሙን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ሠ/ ጥይቱን አንድ በአንድ እዩ። የጎበጠ፣ የዛገ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ጥይት አትጠቀሙ። ሽጉጡ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ጥይቱ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት።

ተኩሱ እንዴት ይካሄዳል?

ፈተናው የሚደረገው በተፈቀደ የተኩስ ልምምድ ቦታ ነው። ከዒላማው በስተኋላ ጥይት የሚያቆም ወፍራም የአፈር ግድግዳ መኖር አለበት። የሽጉጥ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላልና። ወደ ሰማይ መተኮስ ፈተና አይደለም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት በሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ በሰው ላይ ይወርዳል። የዓይን መነጽር አድርጉ፤ ጆሯችሁን ድፈኑ።

መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገብታችሁ ተኩሱ። ደህና ከሆነ ሁለት አድርጉ፤ ከዚያ ሙሉ ካዝና። በአንድ ቀን 50 ያህል ተኩሱና አጽድታችሁ አሳድሩት። የመጀመሪያው 100 ጥይት ለመግሪያ ይሁን። በዚህ ጊዜ አንድ ሁለት ክሽፈት ቢታይ አትደንግጡ፤ ነገር ግን ጻፉት። ከ100 በኋላ ያለው ግን ለፈተና ነው፤ እያንዳንዱ ክሽፈት ይቆጠራል። ለልምምድ ርካሹን ጥይት ብትጠቀሙም፣ ለጥበቃ የምትይዙትን ዓይነት ጥይትም መሞከር ግድ ነው። አንድ ሽጉጥ አንዱን ጥይት ወድዶ ሌላውን ሊጠላ ይችላል።

ስንት ጥይት ይበቃል?

ልምድ ያላቸው ተኳሾች ከ200 እስከ 500 ይላሉ። ለምን ይኸን ያህል? «ሠላሳ ተኩሼ አንድም አልከሸፈብኝም» የሚል ሰው ምን ያህል ሊተማመን ይችላል? የሒሳብ ሊቃውንት ለዚህ ቀላል ስሌት አላቸው። ምንም ሳይከሽፍ የተተኮሰውን ጥይት ቁጥር ያዙ። ሦስትን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። መልሱ የክሽፈቱ መጠን ቢበዛ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ይነግራችኋል። ይኸ ግምት ከመቶ 95 እጅ ይታመናል።

እስቲ አብረን እናስላ። 3 ለ30 ሲካፈል ከ10 አንድ ነው። እንግዲህ 30 ጥይት ያለ ክሽፈት የተኮሰ ሽጉጥ ገና ከአሥሩ አንዱን የሚያከሽፍ ሊሆን ይችላል። በ300 ጥይት ከሆነ ከመቶ አንድ ነው። በ6,000 ጥይት ከሆነ ከ2,000 አንድ ነው። አያችሁ? ጥይት ውድ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግን በጥቂት ጥይት የተገኘ እምነትም ጥቂት ነው።

የ6,000 ጥይት ነገር ተረት አይደለም። የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሊመርጥ ሲል ለዓመታት ፈትኗል። ጆን ብራውኒንግ የተባለው የመሣሪያ ሠሪ የነደፈው የኮልት ፋብሪካ ሽጉጥ በመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ጉድለት ተገኝቶበት ነበር። ሠሪዎቹ ጉድለቱ እየተነገራቸው አሻሻሉት። በመጨረሻው ትልቅ ፈተና ከአንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። የኮልቱ ሽጉጥ አንድም ጊዜ አልከሸፈም፤ ተወዳዳሪው የሳቬጅ ፋብሪካ ሽጉጥ ግን 37 ጊዜ ከሸፈ። የኮልቱ በመጋቢት ወር 1911 በአውሮፓ አቆጣጠር ተመረጠ። እስከ 1985 ድረስ፣ 74 ዓመት ሙሉ፣ የዚያ ጦር ዋና ሽጉጥ ሆኖ ኖረ። እዚያ የደረሰው አዲስ በመሆኑ ነው? አይደለም። ክሽፈቱ ተቆጥሮና ተጽፎ ስለታረመ ነው።

ደብተሩ ምን ይናገራል?

ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ከጥይቱ እኩል ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ቀን አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ የጥይቱን ዓይነት፣ የካዝናውን ቁጥር፣ የተተኮሰውን ብዛት፣ የከሸፈውን ብዛትና አከሻሸፉን። «ከሸፈ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ጥይቱ አልጎረሰም? ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብሎ ቀረ? ባዶው ቀለሃ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ነከሰ?

ከዚያ ደብተሩን መርምሩ። ክሽፈቱ ሁሉ በካዝና ቁጥር 2 ላይ ከሆነ በሽተኛው ካዝናው ነው፤ ሽጉጡን አትውቀሱ። በአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ከሆነ ጥይቱን ለውጡ። አንዱ ሰው ሲተኩስ ብቻ ከሆነ አያያዙ ላልቶ ይሆናል። እጅ ከላላ ብረቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አይሄድም። በሁሉም ካዝና፣ በሁሉም ጥይት፣ በሁሉም እጅ ከከሸፈ ግን ችግሩ የሽጉጡ ነው። ወደ ሻጩ ወይም ወደሚያውቅ ባለሙያ መልሱት እንጂ በሞረድ ራሳችሁ አትነካኩት። ተጠግኖ ሲመለስ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የድሮው ቁጥር ለታደሰ ሽጉጥ አይሠራም።

በፈተና ጊዜ የሚገድሉ ሁለት ነገሮች

አንደኛው፣ ምላጭ ተስቦ ያልተተኮሰ ጥይት ነው። አንዳንድ ጊዜ ባሩዱ ዘግይቶ ይነዳል። «ምን ሆነ?» ብላችሁ አፈሙዙን ወደ ፊታችሁ ወይም ወደ ጓደኛችሁ አታዙሩ። ወደ ዒላማው እንዳነጣጠራችሁ ቢያንስ 30 ሰኮንድ ቆዩ፤ ከዚያ አውጡት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ተኩሱ እንደወትሮው ሳይጮህ «ፍስ» ቢል ወዲያው አቁሙ! ባሩዱ አንሶ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጥይት ብትተኩሱ አፈሙዙ ሊፈነዳና እጃችሁን ሊወስድ ይችላል። ካዝናውን አውጡ፤ የጎረሰ ጥይት ካለም አስወጡ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ፍቱትና አፈሙዙን ከኋላ በኩል አሻግራችሁ እዩ። ብርሃን ካልታየ ለባለሙያ ስጡት።

ደግሞም እርሳስ መርዝ ነው። ከተኩስና ከጽዳት በኋላ እህል ሳትነኩ፣ ልጅም ሳትይዙ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እንግዲህ በአጭሩ ይኸን ያዙ፦ አጽዱ፣ ግሩ፣ ቁጠሩ፣ ጻፉ፣ ከዚያ እመኑ። የተፈተነ ሽጉጥም ቢሆን ሥራ ሲያበቃ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ደብተሩንም አብራችሁ አስቀምጡ። ነገ ተረኛው ጠባቂ «ይኸ ሽጉጥ ይታመናል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን ከአፍ ሳይሆን ከቁጥሩ ያነባል።